ግራጫው ፈረስና የጉደር መንገድ

የጥርስ ሳሙና ሲሸተው አባቱ ትዝ የሚለው ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እንጃ። ጠዋት ተነሥቼ ብሩሼን አፌ ውስጥ ስከት ያ የሚያቀዘቅዝ ሽታ ሳላስበው አምቦ ያለው ቤታችን ሳሎን ይከተኛል፤ እሁድ ከሰዓት ይሆናል፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጭረት የበዛበትን ሲዲ የጥርስ ሳሙና እየቀባሁ በአሮጌ ካናቴራ አሻለሁ፣ አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «ሱታ፣ ሱታ ቶለሺ፤ ዙሪያውን አትሺው፣ ከመሃል ወደ ዳር ነው» ይለኛል። ቶለሺ እኔ ነኝ፣ ሱታ ደግሞ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፤ አባዬ ልጅ ሲመክርም፣ ማርሽ ሲያስገባም፣ ከእማዬ ጋር ሲጣላም ከአፉ የማትጠፋ ቃል ነበረች። ሲዲ እንዲህ ሲታሽ ጭረቱ ይለቀዋል ይባል ነበር፤ አንዳንዴም እውነትም ይሠራ ነበር። የቤታችን ጉድ የተገለጠው በዚሁ ሳሙና ነው።

አባቴ ደበላ ከአምቦ ጉደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መኪናዋ የገዛ ራሱ ስትሆን፣ የምንበላው፣ የምንለብሰውና እኔ የምማርበት ደብተር ሁሉ ከእሷ ጎማ ሥር ነበር የሚወጣው። ወጣት ሳለ ከሥራ መልስ የሚውለው ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ያኔ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና የካውቦዩን ፊልም ለተመልካቹ በአማርኛ ይተረጉም እንደነበር፣ አባዬም ያንን ሰው ከአክተሮቹ አስበልጦ ያደንቀው እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውቶናል። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ባለቤቱ ዕቃውን ሲበትን አራት የካውቦይ ሲዲዎች ለአባዬ ደረሱት፣ እሱም የተርጓሚነቱን ሥራ አብሮ የወረሰ መሰለው።

በጋ በገባ ቁጥር በየእሁዱ ጎረቤቱ ቤታችን ይሰበሰባል፤ አባዬ «ድምፁን ዝጊው» ይለኝና እኔ ሪሞቱን ስጫን ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምር ነበር። እንግሊዝኛው መኪና ላይ ከሚለጠፉ ማስጠንቀቂያዎች ብዙም ስለማያልፍ ፈረንጆቹ ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቀው፤ በእሱ ትርጉም ግን ዋናው ሌባ እንደ ትራፊክ ፖሊስ «መንጃ ፈቃድ!» እያለ ሰው ያስቆማል፣ የከተማው ሹም የስብሰባ አማርኛ ይናገራል፣ ገበሬዎቹ ደግሞ ጥርት ያለ የጉደር ኦሮምኛ ያወራሉ። የፊልሞቹን ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ የባቡሩ፣ የወንድማማቾቹ፣ የወርቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የግራጫው ፈረስ። የግራጫው ፈረስ፣ ሌቦች የውሃ ጉድጓዳቸውን ስለቀሟቸው ሰዎች ነበር፤ በአባዬ ትርጉም ባለ ግራጫ ፈረሱ ሰውዬ ሌቦቹን አባሮ መጨረሻ ላይ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ይታያል፣ አቧራ ይነሣል፣ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ… ቆይ… ሱታ… ይኸው፣ ግራጫው ፈረስ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለ» ሲል ሃያ ጊዜ ያየነው ሰዎች እንደ አዲስ ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር። መንገድ በተዘጋባቸውና ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ደግሞ ቤታችን ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፤ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ አክተሩ እንደማይሞት አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት በጋ አባዬ አንዳንድ አዲስ ጠባይ አመጣ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አልሠራም አለ፤ እማዬ ጊዜው ክፉ ስለሆነ ተጠንቅቆ ነው ብላ አመሰገነችው። በግራው የተቀመጠ ብርጭቆ ይደፋ፣ በር ላይ ያለ በርጩማ ይመታ ጀመር፤ እኛም እርጅና ነው እያልን እንቀልድበት ነበር፣ እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ያሉትን ሰዎች ሳይመልስላቸው እያለፈ «ደበላ መኪና ስላለው ኮራ» ተብሎ ታማ፤ ይህን ስትሰማ እማዬ ተቆጥታ ከሰው ተጣላች። ማናችንም አንዱን ከአንዱ አላገናኘነውም። አሁን ሳስበው በዚህ እናደዳለሁ፤ ሦስታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ ዓይን ያለን ሁለታችን አላየንም።

ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቤቱ በሚታፈንበት በአንዱ እሁድ፣ እኔ ሲዲዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ በሳሙና አሸሁ። ስማቸው በማርከር ተጽፎባቸው ነበርና፣ ሞያ ያለኝ መስሎኝ ከታች ከላይ ሳሽ ጽሑፋቸው ሁሉ አብሮ ለቀቀ። አባዬን እንዳላስቆጣ ዝም ብዬ በግምት በየከረጢታቸው መለስኳቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የአባዬ ረዳት ለሚም እንደ ልማዱ መጥቶ፣ አባዬ «የግራጫውን ፈረስ ክተቺ፣ ድምፁን ዝጊው» አለኝ፣ እኔም ከተትኩ፣ ድምፁንም ዘጋሁ።

አባዬ ጀመረ። «ባዶ ሜዳ ነው። ውሃ የለም። ከብቱ አልቋል።» ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ባቡር ነበር፤ ጭሱን እየለቀቀ፣ መስኮቱ ሁሉ ሰው የሞላበት ረጅም ባቡር። ሰዉ ሳቀ፤ ደበላ ዛሬ ደግሞ አዲስ ቀልድ ይዞ መጣ ብሎ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ለሚ ነበር፣ «ጋሼ ዛሬ ሊጨርሱን ነው!» እያለ ጭኑን ይመታ ነበር። አባዬ ሳቁን ሲሰማ ትርጉሙ ያማረለት መስሎት ደስ አለው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ፊቱን ወደ ባቡሩ እንዳዞረ «ቆይ… ቆይ… ሱታ… ይኸው፣ ግራጫው ፈረስ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለ» አለ። ይህን ጊዜ የሚስቀው ለሚ ብቻ ነበር።

እማዬ ቴሌቪዥኑን አልነበረም የምታየው፣ የአባዬን ዓይን ነበር። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና በማላውቀው ድምፅ «መብራት ሄደ» አለች። የሲዲ ማጫወቻው ቀይ መብራት ቦግ ብሎ እየበራ ነበር፤ አባዬ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «ይኼ መብራት ደግሞ፣ ልክ እዚህ ጋ ሲደርስ» አለና ከልቡ አዘነ። «በሉ ሌላ ቀን» እየተባባሉ አንድ በአንድ ወጡ፣ ሁሉም ሲወጡ ከወትሮው የበለጠ አክብረው ተሰናበቱት።

እማዬ ለሚን ጓሮ ወስዳ ስትይዘው ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። ለሚ ትልቅ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እንደ ልጅ ነበር አንገቱን የደፋው። «የግራው ከጠፋ ዓመት አልፎታል እትዬ። የቀኙ ደግሞ ጭጋግ በሞላው የቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት ነው ይሉኛል። እንዳልናገር አስምለውኛል» አላት። «ታዲያ እንዴት ነው የሚነዳው?» ብላ ስትጠይቀው «በቃላቸው» አለ። «ኩርባውን በቃላቸው ያውቁታል፣ ድልድዩን ያውቁታል፣ የቀረውን እኔ ከኋላ እነግራቸዋለሁ።» ፊልሙን እንደዚያ እንደሚተረጉም ሁሉ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ የሚሄደው በትዝታ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናችን እስክትገባ በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

እማዬ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ጸበል ወሰደችው፤ ጸበሉን ሄደ፣ ሐኪም ቤቱን ግን እምቢ አለ። ሐኪም ያየው እንደሆነ መንጃ ፈቃዱን እንደሚያጣ ያውቃል፣ ለሚ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ለሌላ ሾፌር ቢሰጣት ደግሞ ከሚገባው ጥቂት ገንዘብ ሁለት ቤት አይኖርም። «የጉደርን መንገድ ተኝቼም እነዳዋለሁ፣ ምን ሆናችኋል?» ይል ነበር። እማዬ «ልጅ ያላት ሴት ብትገጭስ?» ስትለው ተነሥቶ ይወጣል። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የሚያስበው ሐሳብ ጤናማ አይደለም፤ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ እማዬ ያሰበችው እኔን ጋቢና ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ በዚህ ልወቅሳት ስነሣ፣ ጠዋት ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ ቆልፋ ስታበቃ ፈትታ እንደገና ትቆልፍ እንደነበር ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

ዓይን የሚለውን ቃል ያነሣ አልነበረም። «ልጄ ክረምቱን ከእኔ ጋር ትዋል፣ ቤት ምን ትሠራለች» ብሎ አባዬ ራሱ ለተሳፋሪው ያስረዳ ነበር። እኔ ጋቢና ሆኜ፣ ለሚ በር ላይ ሆኖ፣ ጉም ከመንገዱ ሳይነሣ እንወጣለን፣ እኔም እንደ ፊልም መተርጎም እጀምራለሁ። «አሁን ሁለት በሬዎች ከቀኝ መጡ፣ ባለቤታቸው ጃንጥላ ይዟል። አሁን አንድ ባጃጅ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፣ ሾፌሩ ስልክ ያወራል። አሁን የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ደረስን፣ ማንም የለም።» ተሳፋሪው ጨዋታ መስሎት ይስቃል፣ «ተርጓሚዋ» የሚል ስም ወጣልኝ፣ አባዬም «ማንን መስላ!» ይላል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር፣ አንድ ነገር ሳልናገር ባለፈኝ ቁጥር አንድ ሰው የሚሞት ይመስለኝ ነበር፤ ሳይመስለኝም እውነት ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ በገበያ ቀን፣ መኪናው ሞልቶ ወደ ጉደር እየሄድን ሳለ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «እስቲ ተርጓሚዋ፣ ያንን የካውቦዩን አጫውቺን፣ አባትሽ ይችልበታል ይሉናል» አለች። አባዬን አየሁት። «ንገሪያቸው እንጂ፣ መንገዱ ባዶ ነው» አለኝ። ባዶ መሆኑን በምን አወቀ? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶኝ ነበር፣ ያን ሁሉ ሳምንት ከፈራሁ በኋላ ደግሞ ትንሽ ልጅ መሆን አማረኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ጀመርኩ። ባዶ ሜዳ ነው፣ ውሃ የለም፣ ከብቱ አልቋል። የአባዬን አነጋገር አስመስዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁና «ቆይ… ቆይ… ሱታ…» ስል ለሚ ጮኸ።

ድንች የጫነች አህያ ነበረች፣ ከግራ በኩል የገባች። መኪናዋ ስትመታት የተሰማኝ ድምፅ ትልቅ አልነበረም፣ ጆንያ ከጣሪያ ላይ ሲወርድ ያለ ዓይነት ነው። ፍሬን ተይዞ ስንቆም ድንቹ አስፋልቱ ላይ እየተንከባለለ አልፎን ይሄድ ነበር። የአህያይቱ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመቅረታቸው ብቻ ተርፈው፣ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ አንዱ ሽማግሌውን ይይዛል፣ ሌላው አባዬ ላይ ይጮኻል። አባዬ ወርዶ፣ የመኪናውን አፍንጫ በእጁ ተከትሎ፣ ተንበርክኮ አህያይቱን ዳበሳት፤ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ፣ በሁለት እጁ፣ ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ እያየ። ይህን ጊዜ ሲጮኽ የነበረው ሰው ጎንበስ ብሎ ድንቹን መልቀም ጀመረ።

ሽማግሌው ቀረብ ብለው «ሂን አርጊኔ?» አሉት፤ አላየኸንም ወይ ማለታቸው ነው። በቁጣ አልነበረም፣ ግራ ገብቷቸው ነው። አባዬ ጭቃው ውስጥ እንደተንበረከከ «ሂን አርጊኔ» አለ። አላየሁም። ያን ሁሉ ጊዜ ለሚስቱ በአማርኛ እምቢ ያለውን ነገር፣ ለማያውቃቸው ሰው በእናቱ ቋንቋ በአንዲት ቃል ተናዘዘ። ከዚያ ተነሣ፣ በመኪናዋ ጎን እየተመራ መጣና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ያን ቀን የተሰማኝን ያህል ጸጸት ዕድሜ ልኬን የሚሰማኝ አይመስለኝም፤ ለሚ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» እያለ ደጋግሞ ነግሮኛል፣ አባዬ ግን ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምነግረው።

ከሽማግሌው ጋር በሽማግሌ ታረቅን። ጥቅምት ላይ፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ በአዲስ ዓለም በኩል አድርገን አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፣ ግላኮማ ይባላል፣ ድምፅ ሳያሰማ ከዳር ወደ መሃል እየበላ ነው የሚመጣው። እማዬ «ከዓመት በፊት ብንመጣስ ኖሮ?» አለችው። ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ አባዬ ተመለከተ። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውን በጠብታ እናቆያት» አለ። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ጠራንና እኔን አይቶ «በዘር ይሄዳል። እሷም በየዓመቱ ትታይ» አለ። እማዬ «እሺ» አለች። መኪናዋ በዚያው ወር ተሸጠች፣ እማዬ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ማፍላት ጀመረች፣ የቀረችው ዓይንም እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እሁድ ከሰዓት ተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ጎረቤት መምጣቱን ትቶ ነበር፣ አንዳንዴ ለሚ ብቻ ይመጣል። ድምፁን እንደ ድሮው ዘግቼ ለአባዬ እተረጉምለታለሁ፣ እሱም «ተሳሳትሽ፣ መጀመሪያ ኮፍያውን ነው የሚያወልቀው» እያለ ያርመኛል። አድጌ እንግሊዝኛ ሳውቅ አንድ ቀን ብቻዬን የግራጫውን ፈረስ ድምፁን ከፍቼ አየሁት፤ ሰውየው መጨረሻ ላይ ወደ ልጆቹ አይመለስም፣ ልጆችም የሉትም፣ ቆስሎ ብቻውን ነው የሚሄደው። ለአባዬ አልነገርኩትም። እሱ ባወጣው መንገድ ወደ ቤቱ እየመለስኩት ዓመታት አለፉ፣ በእነዚያ ዓመታት እኔም ሐኪም ቤት አልሄድኩም። በየጥቅምቱ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» እል ነበር። ከማን እንደተማርኩት ግልጽ ነው።

የሄድኩት ዘንድሮ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ያውም መሥሪያ ቤቴ ግራዬ ላይ የነበረ ብርጭቆ ከደፋሁ በኋላ። ጎድጓዳ ነጭ ሳህን በመሰለ ማሽን ውስጥ አገጬን አስደግፈው፣ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለች ቁጥር ተጫኚ ብለው እጄ ላይ ቁልፍ ሰጡኝ። ብርሃኗ ትመጣለች፣ እጫናለሁ፣ ትመጣለች፣ እጫናለሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጠፋች። እዚህ ጋ መሆን አለባት ብዬ ባሰብኩበት ጊዜ ተጫንኩ፣ ደግሜም ተጫንኩ። ማሽኑን የምትሠራው ሴት ድምፅዋን ሳታነሣ «ያላየሽውን አትጫኚ እህቴ፣ እንደገና እንጀምር» አለችኝ። አገጬን እንዳስደገፍኩ አለቀስኩ። የአባቴን በሽታ ብቻ ሳይሆን ውሸቱንም በጣቴ ይዤው ነበር።

ወደ አምቦ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ትርጉም ሳዘጋጅ ነበር፤ ደህና ነሽ አሉኝ፣ ድካም ነው አሉኝ፣ ቫይታሚን ሰጡኝ። ቤት ስገባ አባዬ ከወንበሩ ሆኖ ኮቴዬን ለይቶ «ምን አሉሽ?» አለኝ። ሱታ፣ አልኩ በልቤ።

«የግራው ጀምሮኛል፣ አባዬ።»

እማዬ ጓዳ ውስጥ የያዘችውን ነገር ስታስቀምጥ ሰማሁ። አባዬ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ «መቼ አወቅሽ?» አለኝ። «ዛሬ» አልኩት። «ዛሬ አወቅሽ፣ ዛሬ ነገርሽን» አለና እጁን ዘርግቶ እስኪያገኘኝ ፈለገኝ፤ ራሴን ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋኝ። ልቡ እንደ አሮጌ ሞተር ይመታ ነበር። ከዚያ «ፊልሙን ክፈቺው» አለኝ። የግራጫውን ፈረስ ከፈትኩና ድምፁን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ «ተዪው፣ ድምፁ ይሰማ» አለ።

አቧራው ተነሣ፣ ከሩቅ የፈረስ ኮቴ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ፈረሱን አይተነው እንጂ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ድሮ ያ ሳሎን በሰው ጢም ብሎ፣ አባዬ የማያየውን ሲነግረን እኛ እያየን ዝም እንል ነበር፤ አሁን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፣ የሚተረጉምም የለም፣ ሰውየው ቆስሎ ብቻውን ሲሄድ አባዬም ይሰማዋል። ጠብታዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው፣ አንድም ቀን አልረሳም።